ጨለማ መሆኑ ተረጋግጧል

እና ያየው እሱ ራሱ ነው፣ ሌላ ማንም አይደለም፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለሁለት ወር ያህል፣ በገዛ እጁ ፎይሉን ገልጦ፣ ሳህኑን ወደ መስኮቱ አንስቶ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ አይቶ ሲያበቃም ፈርሟል፣ ፊርማው ደግሞ ያምራል፣ ጅራት አለው፣ አሁን የስብሰባ አዳራሹን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው፣ ቀኝ እጁ ከመብራቱ ማጥፊያ አንድ ጣት ያህል ይርቃል፣ ወንበር አልበቃም ወንድሜ፣ አንተ መብራቱ ጋ ሁንልን፣ ብለውታል ፕሮፌሰሯ፣ ሁልጊዜ ወንበር የሚያልቀው እሱ ጋ ሲደርስ ነው፣ አልተቀየመም፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ላቦራቶሪ ሳህን ሲቆጥር የኖረ ሰው ቅያሜ የሚያኖርበት ቦታ የለውም፣ ቦታውን ሁሉ ቁጥር ይዞታል። እግሩን ያመዋል። የግራውን።

አጥፋልን፣ ይላሉ ፕሮፌሰሯ።

ያጠፋል።

መጋረጃው ወፍራም ነው፣ ሰባት የሙከራ ፈቃድ ሰጪ ኮሚቴ አባላት ከነክራቫታቸው ከነአምባራቸው በአንዴ ጠፉ፣ የቀረው የፕሮጀክተሩ ጨረርና በጨረሩ ውስጥ የሚዋኘው አቧራ ነው፣ ጨለማ መሆኑ ተረጋግጧል፣ ይላል በሆዱ፣ ሊስቅ ምንም አልቀረውም፣ ሳቁ ግን ጉሮሮው ድረስ መጥቶ ደከመውና ተቀመጠ። ንገራቸው። አሁን? ክቡራን የኮሚቴው አባላት ገና ተብሎ ሳያልቅ? ይጨርሱ እስኪ። ሰው ሲናገር አይቋረጥም፣ ያሳደገችው እህቱ ያስተማረችው ነው፣ አፍህን ሰብስብ፣ ሰው ይጨርስ።

በግድግዳው ላይ አራቱ ሳህኖች ይበራሉ፣ ክብ፣ ጠፍጣፋ፣ መዳፍ የሚያካክሉ፣ ያውቃቸዋል፣ አባት ልጆቹን በጉርድ ፎቶ እንደሚለየው፣ አንደኛው መድኃኒት ተቀብቶ መብራት የበራበት ነው፣ ንጹሕ፣ አንድ ነቁጥ ባክቴሪያ የለውም፣ ሁለተኛው መድኃኒቱን ተቀብቶ በፎይል ተጠቅልሎ ጨለማ ውስጥ የቆየው ነው፣ ሦስተኛው መብራት እንጂ መድኃኒት ያላገኘው፣ አራተኛው ምስኪኑ፣ ምንም ያልተደረገለት፣ ሁለቱ መድኃኒት የለሾች ባክቴሪያ አብቅለዋል፣ እንደ ክረምት ሣር። እንግዲህ ጉዱ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። የተጠቀለለው። እሱም ንጹሕ ነው። ንጹሕ መሆን አልነበረበትም።

ይህንን የመሰለ ድንቅ ውጤት እኛም አልጠበቅንም፣ ይላሉ ፕሮፌሰሯ፣ ድምፃቸው ውስጥ እንባ አለ፣ ስምንት ዓመት የለፉበት ነው፣ ፀጉራቸው የሸበተው እዚያው ሰማያዊ መብራት ሥር ነው፣ በሌሉበት እመቤት ፋኖስ የሚሏቸው በከንቱ አይደለም፣ መድኃኒቱ፣ ይላሉ፣ የኪኖሎን ወገን ነው፣ የታወቀ የአንቲባዮቲክ ቤተሰብ፣ ባክቴሪያዎች ግን ለምደውታል፣ አዎ ለምደውታል፣ እንደ አማች ለምደውታል፣ ገብቶ ሲወጣ ቀና ብለው እንኳ አያዩትም፣ ስለዚህ ኬሚስታችን አንድ ጎኑን ነቅሎ ሌላ ሰካበት፣ የተለወጠው መድኃኒት ጨለማ ውስጥ ይተኛል፣ ተራ ብርሃን ሲነካው ይነቃል፣ ሲነቃ አጠገቡ ያለውን አየር ያስቆጣል፣ የተቆጣው አየር ባክቴሪያውን ያቃጥላል፣ መድኃኒት ይለመዳል፣ ቃጠሎ ግን በቀላሉ አይለመድም። እንደዚያ ነበር ሐሳቡ። ጋሼ ይሄ ልጅ እኮ ቀን ካልሆነ አይሠራም፣ ልክ እንደ መሥሪያ ቤት፣ ይል ነበር ኬሚስቱ፣ ጋወኑን ሳይቆልፍ እየተንጎራደደ፣ ኬሚስቱ ለመድኃኒቱ ልጅ ነው የሚለው፣ ሚስት የለውም፣ ጨዋታ አለው።

አሁን ግን ልጁ በጨለማም ሠራ ተብሏል።

ቅፅ ሰባት። ጥፋቱ ሁሉ ከቅፅ ሰባት ነው፣ አይ፣ ወረቀት አያጠፋም፣ ወረቀት ምስኪን ነው፣ ከሁለት ወር በፊት አንዱ ፎይል የአይጥ ዓይን የምታህል ቀዳዳ ተገኘበት፣ የዚያ ቀን ሥራ ተጣለ፣ ፕሮፌሰሯ ሁሉንም ሰብስበው፣ ጨለማ መሆኑን ማን አረጋገጠ? ሲሉ ሁሉም ቀና ብሎ አምፑሉን አየ፣ በሳምንቱ ቅፅ ሰባት ወጣ፣ የተጠቀለለው ሳህን መብራቱ በሚበራበት ግማሽ ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ፣ መጀመሪያ፣ መሐል፣ መጨረሻ፣ ጨለማ መሆኑ ተረጋግጧል፣ ፊርማ፣ ፊርማ፣ ፊርማ። ሌላው ሰው ቢሆን ሦስቱንም አንድ ላይ ፈርሞ ሻዩን ይጠጣል። እሱ ግን ሳያይ አይፈርምም። ይታወቃል። የእሳት ማጥፊያው የሚሠራ መሆኑን አረጋግጠህ ፈርም ያሉት ጊዜ መቆለፊያውን ነቅሎ ኮሪደሩን በነጭ ዱቄት የሞላ ሰው ነው፣ ዘበኛው እስከ ዛሬ ሲያስለው በዓይኑ ነው የሚፈልገው፣ ግን ፈርሟል፣ በእውነት ፈርሟል፣ እና ጨለማ መሆኑን ሳያይ እንዴት ብሎ ይፈርም? ለማየት ይከፍታል። ክፍሉ ደብዛዛ ነው፣ ዓይኑ ደግሞ እንደ ድሮው አይደለም፣ ስለዚህ ወደ መስኮቱ ይጠጋል፣ ፀሐዩ በዚያ በኩል ነው የሚገባው፣ ሳህኑን ያነሳል፣ ያገላብጣል፣ ፎይሉን ደግሞ ለብቻው ያያል፣ ቀዳዳ እንዳይኖረው በብርሃን ይፈትነዋል፣ አይቸኩልም፣ እሱ የማይቸኩል ሰው ነው፣ አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ መልሶ ይጠቀልላል። ጨለማ ነው። ይፈርማል።

አምስት ደቂቃ በሦስት አሥራ አምስት። አሥራ አምስት ደቂቃ የጠዋት ፀሐይ። እሱ ቆጣሪ ነው፣ ቆጣሪው ነው ስሙ እዚህ ቤት፣ ይህችን አልቆጠራትም።

ጨለማውን ሊያይ መብራት ይዞ ገባ፣ ብለው የሰፈር ተረት ቢያወሩለት ይስቅ ነበር፣ የሞኝ ተረት ነው ይል ነበር፣ ሞኙ ማን ነው ብሎም አይጠይቅም ነበር።

ዛሬ ጠዋት ነው ያወቀው፣ ስብሰባው ሊጀመር ሩብ ሰዓት ሲቀረው፣ እጅ መታጠቢያው ጋ፣ ኬሚስቱ እጁን እየታጠበ፣ ጋሼ የኔን ሁለት ቀን አየኸው? ጣሉት እኮ፣ አለው፣ የምን ሁለት ቀን? እህትህን ሆስፒታል ያስተኛህ ጊዜ፣ ያንተን ሥራ እኔ አልነበርኩ የሠራሁት? ሁለቱም ቀን በፎይል የተጠቀለለው ሳህን ባክቴሪያ በባክቴሪያ ሆኖ አደረ፣ እና እሜቴ ባልተለማመደ ባለሙያ የተሠራ ብለው ከሰንጠረዡ አወጡት፣ ይኸው ዲግሪ፣ አለና ሳቀ፣ እጁን ጋወኑ ላይ ጠረገ፣ እሱ ግን አልሳቀም፣ ቧንቧው ይፈሳል፣ ፎይሉን ስትከፍተው ምን ይመስል ነበር? አለው። ስከፍተው? ለምን እከፍተዋለሁ? ባክህ ጋሼ ፎይል ነው፣ ፎይል ደግሞ ጨለማ ነው፣ ምኑ ይታያል፣ ሦስቱንም አንዴ ፈረምኩና ሄድኩ፣ ቆይ፣ አንተ ትከፍተዋለህ እንዴ? እኔ? አለ እሱ፣ ውሃው ቀዝቅዟል፣ አለ፣ ቧንቧውን ዘጋ።

ውሃው ቀዝቅዟል። ከአፉ የወጣው ይሄ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲያገለግል፣ አንድ ጊዜ እውነቱን ሲጠየቅ፣ ውሃው ቀዝቅዟል።

ሰነፉ ትክክል ሠራ፣ ታታሪው አበላሸ፣ የሰነፉ ተጣለ፣ የታታሪው ይኸው ግድግዳ ላይ ባለ ሁለት ሜትር ሆኖ ይበራል፣ ፍርድ ነው፣ ምን ዓይነት ፍርድ እንደሆነ ግን አልገባውም፣ ወደ ኋላ ወንበር ያያል፣ ኬሚስቱ እዚያ አለ፣ ስልኩ ፊቱን ከታች ያበራዋል፣ ስልኩን አጥፋው አንተ፣ ብርሃን ነው እሱም።

ስለዚህ፣ ይላሉ ፕሮፌሰሯ፣ ቀጣዩ ሥዕል ይመጣል፣ እግር ነው፣ የማንም እግር አይደለም፣ የተሣለ እግር፣ ከቁርጭምጭሚቱ በታች በነጭ ፋሻ የተጠቀለለ፣ ስለዚህ መብራቱ አያስፈልገንም፣ ቅባቱን ቁስሉ ላይ ቀብተን በወፍራም ፋሻ እንጠቀልላለን፣ ሕመምተኛው በየቀኑ እየመጣ መብራት ሥር መቀመጡ ቀረ፣ በሳምንት አንዴ ፋሻ መቀየር ብቻ። አንዲት ሴትዮ ከጨለማው ውስጥ፣ ይቅርታ ፕሮፌሰር፣ መብራቱ ሙሉ በሙሉ ቀረ ማለት ነው? ቀረ እመቤቴ። ተመስገን፣ ይላሉ ሰብሳቢው፣ ወንበራቸው ሲጢጥ ይላል፣ እኛ እኮ ባለፈው እምቢ ያልናችሁ መድኃኒቱን ጠልተን አይደለም፣ መብራት ሲባል ነው የሚያንዘፈዝፈን፣ በሳምንት ሁለቴ ይጠፋል፣ ክፍል ይፈልጋል፣ ሠራተኛ ይፈልጋል፣ ሕመምተኛ ተሰልፎ ሲሞቅ ይውል? ይስቃሉ፣ ሰባቱም ይስቃሉ፣ ሳቅ በጨለማ ሲሰማ ከየትኛው አፍ እንደሆነ አይለይም፣ እሱም ይስቅ ይሆን? የለም፣ የሱ አፍ ተዘግቷል።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ጥሩ ተረት ነው፣ አባቶች አውቀዋል። ዝንብ ግን ቁስል ላይ ታርፋለች፣ ይህንን አልተናገሩም፣ ምናልባት ተናግረው የሰማ ጠፍቶ ይሆናል።

እታለም፣ እህቱ። አልጋ ቁጥር ዘጠኝ፣ በመስኮቱ በኩል፣ ግራ እግሯ ትራስ ላይ፣ ስኳር ነው መጀመሪያ፣ ከዚያ አውራ ጣቷ ላይ ጫማ የላጠው የምትመስል ቁስል፣ ከዚያ እንቅልፍ የለም፣ ከዚያ ሽታ፣ አምስት ዓይነት አንቲባዮቲክ ገባባት፣ አምስቱንም ባክቴሪያው እንደ አማች ተቀበላቸው፣ ቀዶ ሐኪሙ ሦስት ሳምንት ሰጥተዋታል፣ በሦስት ሳምንት መዝጋት ካልጀመረ ከቁርጭምጭሚት በላይ፣ አሉና እጃቸውን እንደ ቢላዋ አደረጉ፣ እሳቸው አሁን ከፊት ወንበር ላይ ናቸው፣ መላጣቸው በፕሮጀክተሩ ብርሃን ያብረቀርቃል፣ እሷ ምን አለች? ዶክተር፣ ግራውን ነው አይደል የሚቆርጡት፣ ጫማ ስገዛ ሁሌ እሱ ነው የሚጠበኝ፣ ሐኪሙ ሳቁ፣ እሱ ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ግንባሩን ግድግዳ ላይ አስደገፈ፣ የሱም ግራ እግር ከዚያን ቀን ጀምሮ ያመዋል፣ ሐኪም አይጠይቅም፣ ምን ብሎ ይጠይቃል፣ የእህቴ እግር እኔን ያመኛል?

ስሟ ዝርዝሩ ላይ አንደኛ ነው። ቅባቱ እንዲሞከርባቸው አሥራ ሁለት ሰዎች ተመርጠዋል፣ እሷ አንደኛ፣ ያስገባት እሱ ነው፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ጊዜ ለምኖ፣ ፕሮፌሰር፣ እህቴ ናት፣ አሳድጋኛለች፣ ብሎ እጁን እያፍተለተለ፣ ፕሮፌሰሯም ትከሻውን ይዘው፣ ያንተ እህት የኔ እህት ናት፣ አሉት፣ እዚያው ጻፏት፣ ደግ ናቸው፣ ማን ነው ደግ አይደሉም ያለ፣ ደግ ሰው ሲያጋልጡት ነው የሚከብደው፣ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ እስካሁን ተናግሮ ሻዩን ይጠጣ ነበር።

ከተናገረ ዝርዝሩ ይቀደዳል። ካልተናገረ እግሯ ፋሻ ውስጥ ይጠቀለላል፣ ፋሻ ደግሞ ጨለማ ነው፣ ልጁ እዚያ ውስጥ ሦስት ሳምንት ይተኛል፣ እሷም አልጋዋ ላይ ተኝታ ደህና ነው፣ ይሻለኛል፣ ትላለች፣ ከዚያ ሐኪሙ እጃቸውን እንደ ቢላዋ።

ሆድ ይፍጀው። እሺ፣ ሆድ ይፍጀው፣ ግን ሌላ መንገድ አለ፣ ቀስ ብሎ መጣ፣ ከኋላ በር እንደሚገባ ዘመድ፣ አልጋዋ መስኮት ሥር ነው አይደል? ጠዋት ሊጠይቃት ሲሄድ፣ ነርሷ ከመምጣቷ በፊት፣ ፋሻውን ፈታ አድርጎ፣ እግሯን ወደ ፀሐዩ፣ ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያ መልሶ መጠቅለል፣ እሱ ደግሞ በመግለጥና በመጠቅለል የሚወዳደረው የለም፣ ሁለት ወር ተለማምዷል፣ ማን ያያል? ማንም። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሥጋዋ ሮዝ ይሆናል፣ ይዘጋል፣ ትነሳለች፣ ጠባቡን ጫማ ታደርጋለች፣ ትሰድበዋለች። እና አልተናገረም። እና ሥራው አልጠፋም። እና ፕሮፌሰሯ አላዘኑም። ሁሉም ሰላም።

አሥራ አንዱስ?

አሥራ አንዱን ያውቃቸዋል፣ ተመላላሽ ክፍሉ በር ላይ ተሰልፈው አይቷቸዋል፣ አንዱ ሹፌር ነው፣ እግሩን ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከትቶ ወሬ ይሰልቃል፣ አንዷ ልብስ ሰፊ ናት፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ እንኳን ደህናው እግሯ ወለሉን ይረግጣል፣ ይለቃል፣ ይረግጣል፣ ይለቃል፣ ፔዳል ያለ ይመስለዋል እግሯ፣ ምን አስበሽ ነው? ቢላት፣ ኧረ ወንድሜ ይሄኛው ብቻውን እንዳይሰለቸው ብዬ ነው፣ አለችው። መስኮት ሥር የተኛችው ግን እታለም ብቻ ናት። የነሱን ፋሻ ጠዋት ጠዋት ማን ይፈታል? ሹፌሩ እህት ይኑረው አይኑረው አያውቅም። ልብስ ሰፊዋ ሳህን የሚገልጥ ወንድም እንደሌላት ግን ያውቃል፣ የመጣችው ብቻዋን ነው። ከዚያ ወረቀት ይጻፋል፣ ከአሥራ ሁለቱ አንዷ ድናለች፣ ምክንያቱ አልታወቀም፣ ምክንያቱ እዚህ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣ የግራ እግሩን ያመዋል።

ቀጣዩ ሥዕል፣ ሰንጠረዥ፣ አርባ አንድ ቀን፣ በትንሹ ከግርጌ አንድ መስመር፣ ሁለት ቀን ባልተለማመደ ባለሙያ በመሠራቱ አልተካተተም። ኬሚስቱ ከኋላ አፉን በእጁ ይዞ ያስላል፣ ሳቅ ነው፣ ያውቀዋል። የፕሮፌሰሯ ጥላ ግድግዳው ላይ ይረዝማል፣ እዚህ ላይ፣ ይላሉ፣ አንድ ሰው ሳላመሰግን አላልፍም፣ ኧረ አይሁን፣ ይህንን ሁሉ ሳህን በትዕግሥት የቆጠረልን፣ ኧረ ይተዉት ፕሮፌሰር፣ ጨለማውን ሳይቀር በየዕለቱ በፊርማው ያረጋገጠልን፣ ወንድማችን፣ እነሆ መብራቱ ጋ ነው ያለው፣ ሰባት ጭንቅላት በጨለማ ውስጥ ወደሱ ይዞራል፣ ጭብጨባ፣ ይጨበጨብለታል፣ በሕይወቱ ተጨብጭቦለት አያውቅም፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ይላል፣ እንዲህ የሚደረግ መሰለው፣ ወለሉ ስንጥቅ አለው፣ ስንጥቁ ውስጥ መግባት ቢቻል።

ድስት። ለምን ድስት ትዝ ይለዋል አሁን? እናቱ ገና በልጅነቱ ነው የሞተችው፣ ድስቱን የያዘችው እታለም ናት፣ አምስት ወንድማማቾች ነበሩ፣ እሱ ትንሹ፣ እሳቱ ላይ የተጣደ ነገር ሁሉ ክዳኑን ካላነሳ አይሆንለትም፣ በስሎ እንደሆን ልይ፣ ገና ነው፣ አሁንስ? አንተ ልጅ እጅህን አንሳ፣ በከፈትከው ቁጥር እኮ ይዘገያል፣ ልይ ስትል ነው የምታዘገየው፣ ይህንን በሰባት ዓመቱ ነግራዋለች፣ በማማሰያ እጁን መትታ ነግራዋለች፣ ላቦራቶሪ ሳትገባ፣ ቅፅ ሳትሞላ፣ ባክቴሪያ ምን እንደሆነ ሳታውቅ። ታዲያ መቼ ነው የሚከፈተው እታለም? ሁሉም ሲቀመጥ። ሁሉም ሳይቀመጥ ክዳን አይነሳም፣ ትልቁ ወንድማቸው እስኪመጣ፣ ሦስተኛው እጁን እስኪታጠብ፣ ተርበው እያዩዋት፣ ቆጥራ፣ አምስቱም መኖራቸውን ቆጥራ፣ ከዚያ ታነሳዋለች፣ እንፋሎቱ ፊቷን ይሸፍነዋል፣ ለሁሉም እኩል፣ ለራሷ መጨረሻ፣ ድስቱን ጠርጋ።

እና እሷን በመስኮት ሥር ብቻዋን ሊያድናት ነው። ብትሰማ በማማሰያ አይደለም፣ በጫማ ነው፣ በዚያ በጠባቡ።

ጥያቄ ከሌለ፣ ይላሉ ሰብሳቢው፣ ሌላ ስብሰባ ስላለብን ወደ ውሳኔው እንሂድ፣ ቅባቱ በፋሻ ሥር በአሥራ ሁለቱ ሰዎች ላይ እንዲሞከር የምትፈቅዱ እጅ፣ መብራት ላብራ? ትላለች ሴትዮዋ፣ ኧረ ተይው፣ ሁለት ሥዕል ይቀራቸዋል፣ ፕሮጀክተሩ ይበቃናል፣ እጅ እንኳን በዚህም ይታያል፣ ማን ይቁጠር? ወንድሜ፣ ይላሉ ፕሮፌሰሯ፣ ደስታ ድምፃቸውን አቅጥኖታል፣ ቁጠርልን፣ አንተ በመቁጠር አትታማም።

ይቆጥራል። አንድ፣ ያ የሰብሳቢው ነው፣ ሁለት፣ አምባር ያለው፣ ሦስት፣ ይሄ እጅ ነው ወይስ የወንበር ጀርባ? አራት፣ አራት ነው? ዓይኑን ያጠባል፣ የሐኪሙ እጅ እንደ ቢላዋ ቆሟል፣ አምስት፣ ከዚያ ጥላ በጥላ ነው፣ ሰባት ቢል ማንም አይከራከረውም፣ ሰባት በል፣ አንዲት ቃል ናት፣ በላትና ተገላገል፣ ቁጭ የምትልበት ወንበር እንኳ ያመጡልህ ይሆናል፣ ሻይ አለ በኋላ፣ ሰባት በል። ግን አላየም። ሳያይ አይፈርምም። ያለው ይሄ ነው፣ ሌላ የለውም፣ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት የቀረው ነገር ይሄ ብቻ ነው፣ ሞኝነትም ከሆነ የሱ ሞኝነት ነው፣ ሰው የራሱን ሞኝነት እስከ መጨረሻው ካልተጠቀመበት ለማን ያወርሰዋል፣ ልጅ የለው።

ሁሉም ተቀምጧል። ሰብሳቢው፣ ሴትዮዋ፣ ሐኪሙ፣ ሌሎቹ አራቱ፣ ኬሚስቱ ከኋላ፣ ፕሮፌሰሯ እንኳ የወንበራቸውን ጠርዝ ይዘዋል።

እጁ ትሄዳለች፣ እሱ አላዘዛትም፣ ወይም አዟታል፣ ትንሽ ድምፅ ናት፣ ጣት እንደመሰበር ያለች።

ብርሃን። ኧረ ዓይኔን፣ ምን ሆኗል ይሄ ሰውዬ፣ ሰባት እጅ በአየር ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ሰባት ፊት ተጨማድዶ፣ ግድግዳው ላይ የነበረው ሰንጠረዥ ገረጣ፣ አርባ አንዱም ቀን ገረጣ፣ ገና ነው ወንድሜ፣ ይላሉ ፕሮፌሰሯ ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ፣ አጥፋው እንጂ።

ሰባት ነው፣ ይላል። ቆጥሬያለሁ። ሰባት።

ታዲያ አጥፋዋ።

እከፍተው ነበር ፕሮፌሰር፣ ይላል፣ ድምፁ ከሌላ ሰው አፍ የወጣ ነው የሚመስለው፣ የተጠቀለለውን፣ ቅፅ ሰባትን ለመፈረም፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ አምስት አምስት ደቂቃ፣ መስኮቱ ጋ፣ ፀሐይ ላይ። ጨለማ መሆኑን ላይ ብዬ። እሱ የከፈተው የለም፣ እሱ ያላየው ነው ትክክሉ፣ የጣላችሁት፣ ብሎ ወደ ኬሚስቱ ይጠቁማል፣ ኬሚስቱ አፉን ከፍቷል፣ ስልኩ ወለል ላይ ወድቋል፣ መድኃኒቱ በጨለማ አይሠራም፣ በመብራት ግን ይሠራል፣ አንደኛው ሳህን ላይ ሠርቷል፣ ይህንንም አይቻለሁ፣ ፋሻው ውስጥ አትክተቱት። መብራቱን መልሱት። እህቴ አንደኛ ናት፣ ይላል፣ ይሄ ከምን ጋር እንደሚገናኝ ማንም አልጠየቀውም።

የሐኪሙ እጅ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ከዚያ የሴትዮዋ። ከዚያ አንድ፣ ሌላም፣ እሱ ይቆጥራል፣ መቁጠር ማቆም አልቻለም፣ አምስት ወረደ፣ ስድስት ወረደ፣ ሰብሳቢው እጃቸው አየር ላይ መሆኑን ረስተውታል። የፕሮፌሰሯን ፊት ማየት አለበት። አያየውም ቢል ይሻለዋል። ያየዋል። ስምንት ዓመት እንዲህ ነው የሚመስለው ለካ፣ በብርሃን ሲታይ፣ ዓይናቸው ሥር ያለው ጥቁር፣ የከንፈራቸው ቀለም አንድ ጎን ላይ የተዛነፈ፣ መብራቱን፣ ይላሉ ቀስ ብለው፣ እባክህ መብራቱን፣ ዓይኔን...

ዛሬ ማታ ሳይሆን አሁን ነው ለእታለም የሚነግራት፣ ከዚህ ወጥቶ በቀጥታ፣ ዝርዝሩ ተቀደደ ይላታል፣ ምናልባት መብራቱ ይፈቀዳል፣ ምናልባት አይፈቀድም፣ ሦስት ሳምንት ነው፣ አላውቅም እታለም፣ ይላታል፣ እሷም፣ ሁሉም ተቀምጠው ነበር? ትለዋለች፣ ወይ አትለውም፣ እግሯን ወደ መስኮቱ ታዞራለች።

ደክሞታል። እግሩ ከዘራ ሆኗል። ግን እጁን ከማብሪያው ላይ አላነሳም፣ መዳፉን ሙሉ በሙሉ ዘርግቶ ሸፍኖታል፣ ማንም መጥቶ እንዳይነካው፣ ገና አላዩትም፣ ደህና አድርገው ይዩት፣ አምስት ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ